የምክር ዓምድ፦ «ትክክል መሆኔ ምን ጠቀመኝ?»

የአንባቢ ደብዳቤ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። ዕድሜዬ 34 ነው። ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ፤ ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ 11 ዓመት አልፎኛል። ችግሬ አስተያየቴ መብዛቱ ነው። ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኑሮ የምለው አላጣም። ጓደኞቼ ስለ ምርጫ ሲጨቃጨቁ «ይሄ እኮ በአንድ አፕ የሚያልቅ ነገር ነው» እላለሁ። እህቴ «ልጄ ስልክ ላይ ተጣበቀብኝ» ብላ ስትጨነቅ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዓለምን ወዴት እየወሰዳት እንደሆነ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት።

በቀደም ደግሞ ባለቤቴ ስለ ሥራ ቦታዋ እያወራችኝ በመሃል አቋረጥኳትና ሦስት መፍትሔ ዘረዘርኩላት። ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ «እኔ ኮድህ አይደለሁም» አለችኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሥራዋ አንድ ቃል አልነገረችኝም። ጓደኞቼም ሲገናኙ መጥራት ትተዋል። የምለው ነገር ትክክል መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ትክክል መሆኔ ምን ጠቀመኝ?

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። የምሠራው በየወሩ የሚከፈልበት አገልግሎት ላይ ነው። ባለፈው ወር አለቃዬ ደንበኛው አገልግሎቱን የሚያቋርጥበትን በተን ከፊት ገጽ አንስቼ ወደ ውስጥ እንድወስደው አዘዘኝ። አሁን ለማቋረጥ አምስት ገጽ ማለፍ ግድ ነው። ደስ አላለኝም። ግን ሥራ ሥራ ነው ብዬ ሠራሁት።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፦ ሰው እንዳይርቀኝ አፌን ልዝጋ? ወይስ የሚረዱኝ ሌሎች ሰዎች ልፈልግ?

አስተያየት የበዛበት

መልስ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ባለቤትህ አሰብኩ። ሁለተኛ ሳነበው ዓይኔ «ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም» ያልካት ላይ ቆመ። ይገናኛል። እንዲያውም የደብዳቤህ ዋናው እሷ ናት።

እስቲ የጻፍከውን መልሰህ እየው። ምርጫውን የምታዘጋጀው አንተ አይደለህም፤ ስለ ምርጫ ግን ትናገራለህ። የባለቤትህን መሥሪያ ቤት አታውቀውም፤ መፍትሔ ግን አላጣህም። በተኑን ያነሳኸው ግን አንተ ነህ፣ በገዛ እጅህ። እዚያ ላይ «ደስ አላለኝም» ብለህ አለፍክ። እጅህ በማይደርስበት ቦታ ድምፅህ ይጎላል፤ እጅህ ባለበት ቦታ ዝም ትላለህ። አስተያየትህ በዛ አልልህም፤ የሚወድቅበት ቦታ ነው የተሳሳተው።

እኔም ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ስለኖርኩ ነገሩ ከየት እንደሚመጣ አውቀዋለሁ። ኮድ ስትጽፍ ኮምፒውተሩ አያኮርፍም። ስህተቱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግርሃል። ታስተካክላለህ፣ ታስኬደዋለህ፣ ይሠራል። ይሄ በቀን ሃምሳ ጊዜ ሲደጋገም አእምሮ ይለምደዋል። ማታ ቤት ስትገባም ያው አእምሮ ነው የሚገባው። ሰው ገና ሲናገር ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ መፈለግ ይጀምራል።

ደግሞ ባግ (ኮድ ውስጥ ያለ ስህተት) ማንም የማይፈልገው ነገር ነው። ሲጠፋ ሁሉም ደስ ይለዋል። ፖለቲካ ውስጥ ግን አንተ ባግ ያልከው ነገር ለሌላው መተዳደሪያው ሊሆን ይችላል። ወይም መከላከያው። አንተ ስታስተካክለው እሱ ይጎዳል። ስለዚህ ይከራከርሃል፤ የሚከራከርህም ስላልገባው አይደለም።

ምርጫን ራሱን እንውሰድ፤ አንተም ስላነሳኸው። (ዓመቶቹን በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው።) «በባንክ አፕ ገንዘብ እያስተላለፍን በስልክ መምረጥ ለምን አቃተን?» የሚለውን ክርክር አንተም ሳትጠቀምበት አትቀርም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ባንክ ውስጥ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከስምህ ጋር ታስሮ ይቀመጣል። ደረሰኝ አለ። ስህተት ሲፈጠር ዞር ብለው አይተው ይመልሱልሃል። ምርጫ ላይ ግን ድምፅህ ከስምህ ጋር መታሰር የለበትም። ማንን እንደመረጥክ አንተ ራስህ እንኳ ለሌላ ሰው ማረጋገጥ መቻል የለብህም። ከቻልክ ድምፅህን መሸጥ ትችላለህ፤ ጉልበተኛም «አሳየኝ» ሊልህ ይችላል። ከስም ጋር ያልታሰረ ነገር ከተበላሸ በኋላ ማን ምን እንደመረጠ ተመልሰህ አታገኘውም። ይሄ አንድ ፕሮግራመር ሊያገኛቸው ከሚችላቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከባዱ ውስጥ ነው።

ሌላም አለ። የምርጫ ሥራ አሸናፊውን መቁጠር ብቻ አይደለም፤ የተሸነፈውን ማሳመን አለበት። ያውም ኮድ ማንበብ የማይችለውን ደጋፊ። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በማርች 2009 የወሰነው ይሄንኑ ነው። በ2005 ምርጫ ላይ የዋሉትን ኤሌክትሮኒክ ማሽኖች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ አለ። ምክንያቱ ማሽኖቹ ተጭበርብረዋል የሚል አልነበረም። ማንኛውም ዜጋ ልዩ ዕውቀት ሳያስፈልገው የምርጫውን ዋና ዋና ደረጃዎች ማረጋገጥ መቻል አለበት ነው ያለው። በሌላ በኩል ኢስቶኒያ ከ2005 ጀምሮ ዜጎቿን በኢንተርኔት ታስመርጣለች፤ በ2023ቱ የፓርላማ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ የተሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። ሁለቱም አገሮች አዋቂ አላጡም። የለያያቸው ሕዝቡ ምን ላይ እምነት እንዳለው ነው። ይሄን ደግሞ ከጓደኞችህ ጋር ቁጭ ብለህ ካልሰማሃቸው ከየትም አታመጣውም።

ወረቀትም ቢሆን ዲዛይን ነው። በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ፣ ፍሎሪዳ ግዛት ፓልም ቢች ካውንቲ ውስጥ፣ የዕጩዎቹ ስም በሁለት ትይዩ ገጾች ተደርድሮ የሚበሳው ቀዳዳ መሃል ላይ ሆነ። ብዙ መራጮች ግራ ተጋቡ፤ ያልፈለጉትን ዕጩ መርጠው ወጡ። ፍሎሪዳ ላይ የተቆጠረው የመጨረሻ ልዩነት 537 ድምፅ ነበር። ያን ወረቀት ያሰናዳው ሰው ስለ ፖለቲካ መናገር አላስፈለገውም። ቀዳዳውን የት እንደሚያደርግ ነው የወሰነው።

ይሄን የነገርኩህ ወደ በተንህ ልመልስህ ነው። አንተም የወሰንከው ነገር የት እንደሚቀመጥ ነው።

አንድ ከራሴ የሆነ ነገር ልንገርህ። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የምዝገባ ፎርም ሠራሁ። የትውልድ ቀን የሚሞላበት ሦስት ሳጥን ነበረው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ሦስቱም ካልተሞሉ «ቀጥል» የሚለው በተን አይሠራም። እንዲህ መሆን አለበት ብሎ ያዘዘኝ የለም። ሁልጊዜ እንደዚያ ስለምጽፍ ጻፍኩት።

ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት፣ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ልይ ብዬ ከመዝጋቢዋ ጎን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። አንዲት አዛውንት እናት መጡ። ስማቸውን ነገሯት። ዓመቱን ነገሯት። ቀኑንና ወሩን አያውቁትም። መዝጋቢዋ በትሕትና «ሲስተሙ አይቀበልም እናቴ» አለቻቸው። እናትየዋ ነጠላቸውን ሳብ አድርገው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ፤ እንደማያነቡት ያስታውቃል። ከዚያ «ይቅርታ ልጄ» አሉ። እሳቸው ይቅርታ ጠየቁ። መዝጋቢዋ የዓመቱን መጀመሪያ ወር፣ የመጀመሪያ ቀን ሞላችላቸውና አሳለፈቻቸው። እጇ ፈጣን ነበር። እንደዚህ ስታደርግ የመጀመሪያዋ አለመሆኑ ገባኝ።

ቢሮ ተመልሼ ዳታቤዙን ከፈትኩ። በዓመቱ የመጀመሪያ ቀን የተወለደው ሰው ብዛት ከሌላው ቀን ሁሉ ጋር አይወዳደርም። የመዝጋቢዋ «ሲስተሙ» እኔ ነበርኩ። አንዲት ሳላስብ የጻፍኳት «ግዴታ» የምትል ቃል። ፎርሙን ማስተካከል ግማሽ ቀን አልፈጀም። የተሞላውን ግን መመለስ አልተቻለም፤ እውነት በዚያ ቀን የተወለደውን ካልተወለደው የሚለይ ምንም ነገር አልነበረንም። እስከ ዛሬ «ሲስተሙ አይቀበልም» የሚል ሰው ስሰማ፣ ከኋላው የተቀመጠው ዴቨሎፐር ይታየኛል።

በትልቁ ሲሆን ደግሞ ምን እንደሚመስል ብሪታንያ አይታዋለች። ሆራይዘን የተባለ፣ ፉጂትሱ የተባለው ድርጅት የሠራው የሒሳብ ሲስተም ከ1999 ጀምሮ ፖስታ ቤቶች ውስጥ ተዘረጋ። ሲስተሙ ያልተከሰተ የገንዘብ ጉድለት ያሳይ ነበር። ፖስታ ቤቶቹን በኮንትራት የሚያስተዳድሩት ሰዎች ጉድለቱን ከኪሳቸው እንዲሞሉ ተጠየቁ፤ ከዚያም ተከሰሱ። በሲስተሙ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ከ900 በላይ ሰው በስርቆትና በሒሳብ ማጭበርበር ተፈረደበት። የታሰሩ አሉ። ቤታቸውን ያጡ አሉ። ራሳቸውን ያጠፉ አሉ። እርዳታ መስመር ላይ ሲደውሉ «እንዲህ ያለ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ» የተባሉ ብዙ ናቸው። ፍርድ ቤቶቹ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ከሚል ግምት ነበር የሚነሱት፤ አይሠራም የሚል ሰው ማሳየት ነበረበት። መንደር ውስጥ ያለ የፖስታ ቤት ኃላፊ ያን ከየት አምጥቶ ያሳያል? ሲስተሙ ስህተቶች እንዳሉበት ከፍተኛው ፍርድ ቤት የወሰነው በ2019 ነው። ፍርዶቹን በጅምላ የሚሰርዝ ሕግ የወጣው በ2024።

ስህተቶቹን የሚያውቁ ባለሙያዎች ድርጅቱ ውስጥ ነበሩ። ይሄን ሳስብ ያመኛል። ከመካከላቸው ማታ ቤቱ ገብቶ ስለ ፖለቲካ የሚከራከር አይጠፋም። ምናልባትም ትክክል ነበር። ያ ሁሉ ሰው ይፈልገው የነበረው ግን ስለ አንዲት የሒሳብ ባግ የሚናገር ሰው ነው።

የአንተ በተን ሰው አያሳስርም። ይሄን አውቃለሁ፤ ላጋንንብህ አልፈልግም። «ሥራ ሥራ ነው» የሚለው ቃል ግን ያው ነው። ቮልስዋገን በ2015 የተጋለጠው ሶፍትዌሩ መኪናው እየተመረመረ መሆኑን ሲያውቅ ጭሱን ዝቅ አድርጎ፣ መንገድ ላይ ሲወጣ ስለሚለቀው ነበር። 11 ሚሊዮን ገደማ መኪና ላይ ተጭኖ ነበር። ያን የጻፈ እጅ አለ። ከኢንጂነሮቹ አንዱ አሜሪካ ውስጥ በ2017 የ40 ወር እስራት ተፈርዶበታል።

ደግሞም አምስቱ ገጽ ላይ የሚቀመጠውን ሰው አስበው። ገንዘብ ያጠረበት ሰው ነው። ወይም የሞተ አባቱን ሒሳብ የሚዘጋ ልጅ። ወይም እንግሊዝኛ ስክሪን ላይ ሲያይ ልቡ የሚመታ አዛውንት። ለመግባት አንድ ጊዜ ነበር የተጫነው። ለመውጣት ግን ሦስተኛው ገጽ ላይ «እርግጠኛ ነዎት?» ሲባል የተሳሳተ ይመስለዋል። ስልኩን ያስቀምጠዋል። የሚቀጥለው ወር ይቆረጥበታል። አለቃህ ያንን ቁጥር «ደንበኛ አልለቀቀንም» ብሎ ሪፖርት ያደርገዋል።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ጀግና ሁን፣ ሥራህን ልቀቅ አልልህም። የቤት ኪራይህን የምታውቀው አንተ ነህ። መናገር ግን ትችላለህ፤ መናገር ደግሞ ታውቅበታለህ። ጓደኞችህ ጋ በምታወራበት አነጋገር ግን አይሆንም። «ይሄ ነውር ነው» ብለህ ከጀመርክ አለቃህ ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ ነገሩ እዚያው ይሞታል።

መጀመሪያ የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞች ጋ ሂድና ቁጭ በል። በተኑ ከተነሳ ወዲህ «እንዴት ነው የማቋርጠው?» ብሎ የደወለው ስንት ነው? ክፍያውን በባንኩ በኩል ያስመለሰው ስንት ነው? አንዱ ሰው ሲደውል አብረህ ስማ። ይሄ ግማሽ ቀን አይፈጅብህም፤ ከዚያ በኋላ የምትናገረው አስተያየት መሆኑ ይቀርና የሰማኸው ይሆናል። ሁለተኛ፣ ደንበኞቻችሁ የት የት እንዳሉ እይ። ካሊፎርኒያ በኢንተርኔት የተመዘገበ ሰው በኢንተርኔት ማቋረጥ እንዲችል በሕግ ያስገደደችው በ2018 ነው። ጀርመን ከጁላይ 2022 ጀምሮ የማቋረጫ በተን ግልጽ ሆኖ እንዲቀመጥ ታስገድዳለች። በ2025 ደግሞ አማዞን፣ ደንበኞችን ፕራይም የተባለው ክፍያ የሚጠየቅበት አባልነት ውስጥ ያለ ፈቃዳቸው አስገብቷል፣ መውጫውንም አክብዶባቸዋል ተብሎ የቀረበበትን ክስ፣ ጥፋቱን ሳያምን 2.5 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ለመጨረስ ተስማምቷል። አለቃህ ስለ ሞራል መስማት ባይፈልግ እንኳ ይሄን ይሰማል።

ከዚያ አማራጭ ይዘህ ግባ። በተኑ አካውንት ገጹ ላይ ይመለስ። ሲጫን አንድ ጥያቄ ብቻ ይምጣ፦ ለምን ልትለቁን ነው? «ለሁለት ወር ላቁመው» የሚል ምርጫም ይኑር፤ ብዙ ሰው ለዘላለም መውጣት አይፈልግም፣ ጊዜያዊ ችግር ነው ያለበት። ንድፉን ሠርተህ አሳየው። ስትጨርስ በኢሜይል ጻፈው፤ አጭር አድርገህ፣ በስምህ። እምቢ ካለህ እምቢታው በጽሑፍ ይኑር። ሁለት ባልደረቦችህ ይወቁት። ብቻህን ያልከው ነገር የአንድ ሰው ጸባይ ተደርጎ ይታያል፤ ሦስት ሰው ያለው የቲሙ ሐሳብ ይሆናል።

ይሄን ስል ከራሴ አምጥቼ አይደለም። ኤሲኤም የተባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር በ2018 ያሻሻለው የሥነ ምግባር ደንቡ፣ ምንጊዜም የሕዝብ ጥቅም ይቀድማል ይላል። ሐኪም የታካሚውን ጥቅም ሊያስቀድም ይምላል። እኛ ስንቀጠር ማንም አላስማለንም፤ እጃችን ግን ከሐኪም እጅ ላላነሰ ሰው ይደርሳል።

ወደ እህትህ ልምጣ። እዚህ ላይ በእውነት የምትጠቅም ሰው ነበርክ። እሷ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አልጠየቀችህም። ልጇ ጣቱን ከስክሪኑ ማንሳት ያቃተው ለምን እንደሆነ የምታውቀው ግን አንተ ነህ። ማለቂያ የሌለው ገጽ ሰው የሠራው ነገር ነው። አዛ ራስኪን የተባለው ዲዛይነር በ2006 ሠራው፤ ኋላ ላይ እንደሚጸጸትበት በአደባባይ ተናግሯል። ድሮ ገጹ ሲያልቅ ዓይን ይቆም ነበር፤ «ቀጣዩን ልክፈት ወይስ ይብቃኝ?» የምትል ትንሽ ቦታ ነበረች። እሷን ነው ያነሳነው። ይሄን ለልጁ በራሱ ቋንቋ ንገረው። ከዚያ ስልኩን ተቀበለውና አብራችሁ ኖቲፊኬሽኑን ዝጉት፣ ቪዲዮ በራሱ ጊዜ የሚቀጥልበትንም አጥፉት። ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር። አሥር ደቂቃ ነው። እህትህ ከአንድ ሰዓቱ ንግግር ይልቅ ይቺን አሥር ደቂቃ ታስታውሳታለች።

ስለ ጓደኞችህ ብዙ አልልም። አንዱን መርጠህ ደውልለት። ቅር ያሰኘኸው ነገር ካለ ጠይቀው፤ ሲመልስልህ አታስረዳው። «የሚረዱኝ ሌሎች ሰዎች ልፈልግ?» ላልከው፣ አይሆንም። የሚስማሙልህ ሰዎች ታገኛለህ፤ እነዚህ ግን የሚያውቁህ ናቸው።

የባለቤትህ ነገር ግን ቀላል አይደለም። «እኔ ኮድህ አይደለሁም» ያለችህ ተናዳ ያመለጣት ቃል አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ስታስበው የቆየችው ነገር ነው። አስበው እስቲ፤ የምትሠራበትን ቦታ በየቀኑ የምታየው እሷ ናት። አንተ በሁለት ደቂቃ ያመጣሃቸውን ሦስት መፍትሔዎች እሷ አላሰበቻቸውም? አስባቸዋለች። ለምን እንደማይሠሩም ታውቃለች። ያን ማታ የፈለገችው የዋለችበትን ቀን ቤቷ ውስጥ አንድ ሰው እንዲያውቅላት ነው። አንተ ግን ቀኑን ሳትሰማ መልሱን ሰጠሃት። ለእሷ «ይሄ እንዴት አልታየሽም?» ማለት ሆነባት።

እኔና ባለቤቴም እንዲህ ያለ ጊዜ አሳልፈናል። ያወጣን ንግግር አልነበረም። አንድ ማታ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። ትልቁ አንሶላ ጋ ስትደርስ አንዱን ጫፍ ያዝኩላት። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው፣ አራት እጅ ይፈልጋል። ስልክ የሚይዝ እጅ አይተርፍም። ጫፍና ጫፍ ይዘን ስንቀራረብ ስንራራቅ፣ ሁለተኛው አንሶላ ላይ በራሷ ጊዜ ማውራት ጀመረች። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዋጥኩት። ሌላም መጣ፤ እሱንም ዋጥኩት። ሳይታጠፍ የቀረ ልብስ እስኪጠፋ አወራች። ሲያልቅ «አንተ ምን ይመስልሃል?» አለችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ማታ እንዲህ በላት፦ «ያን ቀን አቋረጥኩሽ። ምን እንደገጠመሽ እንኳ ሰምቼ አልጨረስኩም። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ማብራሪያ አትጨምርበት። «እኔ እኮ ልረዳሽ ፈልጌ ነው» የምትለዋን ተዋት፤ ይቅርታውን መልሳ ትበላዋለች። ያኔውኑ እንድታወራህም አትጠብቅ። ለቀናት የተዘጋ በር በአንድ ቃል አይከፈትም። በሌላ ቀን መናገር ስትጀምር ግን ጠይቃት፦ «ልስማሽ ወይስ አብረን መላ እንፈልግ?» «ስማኝ» ካለችህ ስማት። እስከ መጨረሻው።

አፍህን አትዝጋ ወንድሜ። ዝም ያልክበትን ቦታ ነው መክፈት ያለብህ። ደብዳቤህ ውስጥ ስለዚያ በተን ስትጽፍ ዓረፍተ ነገሮችህ አጠሩ፤ አስተዋልከው? ስለ ሌላው ሁሉ ስትጽፍ እርግጠኛ ነህ። እዚያ ጋ ስትደርስ ድምፅህ ወረደ። የወረደው ስለሚያሳስብህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰኞ ቢሮ ስትገባ የደንበኛ አገልግሎቱ ክፍል ጋ ጎራ በልና አንድ ስልክ አብረህ ስማ። አለቃህን ካናገርክ በኋላ ምን እንዳለህ ጻፍልኝ፤ እምቢ ቢልህም ጻፍልኝ፣ ቀጥሎ የሚደረገውን አብረን እናስብበታለን። ባለቤትህ ስለ ሥራዋ መልሳ ማውራት ስትጀምር ግን ምን እንዳለች አትጻፍልኝ። እሱ የእናንተ የሁለታችሁ ነው።